የጨረቃው ኩርፊያ

ፍሪጃችን ላይ አንድ ሰሃን አለ። ጠርዙ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ የወይን ዘለላ የተሳለበት አሮጌ ሰሃን ነው። የእኛ አይደለም። የጎረቤታችን የጋሽ ኃይለመለኮት ነው፤ እኛ ቤት ከመጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አቧራውን በጠረግኩለት ቁጥር እሰድበው ነበር። ሰሃን መስደብ ጤና አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት ሽማግሌ መስደብ ነውር ስለሆነ ንዴቴን በሰሃኑ ላይ እወጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤት የሚበላ ነገር በሰሃን ከላከላችሁ ሰሃኑን ባዶውን አትመልሱም። ይሄን ድሬ ውስጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ሁለት ፍሬ ሎሚም ቢሆን ጣል አድርጋችሁበት ነው የምትመልሱት። እና ሰሃኑን ሞልቶ መመለስ ለአባቴ መሸነፍ መሰለው። ባዶውን መመለስ ደግሞ እንኳን እሱ እኔም አላደርገውም፤ ሰው ምን ይለኛል? ስለዚህ ሰሃኑ ፍሪጅ ላይ ወጣ፣ ሁለቱ ተኮራረፉ፣ እኔ መሃል ሆኜ ጨጓራዬ ተላጠ።

በምን ተጣሉ ብትሉኝ፣ በጨረቃ። አዎ፣ በዚያችው ሰማይ ላይ ባለችው።

ሸፊቃ እባላለሁ። ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ዲሽ፣ ሪሲቨር፣ ሪሞትና ገመድ እሸጣለሁ። የምኖረው ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከአባቴ ጋር። ቤታችን በባቡሩ ዘመን ፈረንሳዮች የኖሩበት አንድ ትልቅ ቪላ ነበር፤ ኋላ ግቢውን በግንብ ከፍለው ሁለት ቤት አደረጉት። ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የጋሽ ኃይለመለኮት ሆነ። ግንቡ መሃል ላይ አንዲት የብረት በር አለች። በእኛም በኩል፣ በእነሱም በኩል መቀርቀሪያ አላት፤ ግን ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ተቀርቅራ አላውቅም። እናቴ ነፍሷን ይማረውና በርበሬ ሲያልቅባት የምትገባው በዚያች በር ነበር። የጋሽ ኃይለመለኮት ሚስት እትዬ እፀገነት ልጇን ፍቅርአዲስን ስትፈልግ ብቅ የምትለውም በዚያችው ነው። ፍቅርአዲስና እኔ አንዱ ግቢ በልተን ሌላው ግቢ ተኝተን ነው ያደግነው።

አባቴ ዒብራሂም በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተልኮ ካርኮቭ በሚባል ከተማ መካኒክስ ተምሯል። ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ መጽሐፉ ይበልጥ ነበር አሉ። ጋሽ ኃይለመለኮት የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፣ የድሬ ልጅ። በጃንሆይ ዘመን አስመራ ሄዶ ቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖቹ ዘንድ ተቀጠረ። እዚያ ቤት የሚያክሉ ዲሾች ነበሩ፤ ሩሲያኖቹ ወደ ሰማይ የላኳቸውን መንኮራኩሮች ድምፅ ያዳምጡባቸው ነበር። የእሱ ሥራ ጄኔሬተሩ ዘንድ ነው። ሲያወራው ግን ዲሹን በእጁ ያዞረው ነው የሚመስላችሁ።

እና አንዱ የሩሲያ፣ ሌላው የአሜሪካ ሆነው አረፉት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ እኛ ግቢ ካለው ዘይቱን፣ ከጓቫው ዛፍ ሥር ፍራሽ ይነጠፋል። አባቴ ጫቱን፣ ጋሽ ኃይለመለኮት ኦቾሎኒውን ይዘው ይቀመጣሉ። ከዚያ ይጀመራል።

«መጀመሪያ ሳተላይት ያመጠቀ ማነው?» ይላል አባቴ። «መጀመሪያ ሰው የላከስ? መጀመሪያ ሴት የላከስ?»

«ውሻዋን ረሳሃት?» ይላል ጋሽ ኃይለመለኮት። «ልካችሁ ያልመለሳችኋትን?»

«እናንተስ በጦጣ አይደል የጀመራችሁት?»

«በጦጣ ጀምረን ጨረቃን ረገጥን። እናንተ ቀድማችሁ ወጥታችሁ የት ደረሳችሁ?»

«እኛ»፣ «እናንተ» ሲባባሉ ነው ሳቄ የሚመጣው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሁለቱም ቢጫ ጀሪካን ይዘው አንድ ሰልፍ ላይ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው እኮ። ሻይ ሳቀርብላቸው፣ «አቦ ተዉን፣ የሰው ሮኬት ለእኛ ምን ያደርግልናል?» እላቸዋለሁ። አባቴ በመነጽሩ ላይ ቀና ብሎ ያየኛል።

«አንቺ የምትሸጭው ዲሽ የሚያየው ማንን ነው? የጎረቤት ጣሪያ?» ይለኛል። ቴርሞሱን አስቀምጬ እሄዳለሁ።

ክርክሩ የሚቆምበት ጊዜም ነበር። በዘጠና ስምንት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ከወሰደ በኋላ፣ ማን ቀደመ፣ ማን ዘገየ የሚለውን ለረጅም ጊዜ አላነሱትም። ያወሩ የነበረው ደመናን ከላይ ስለሚያዩ ሳተላይቶች ነው። «ውሃው ከደጋው ሲነሳ አይቶ የሚነግረን ቢኖር ኖሮ» ይላል አንዱ። «የሚያየውማ ላይ አለ። አይቶ ያለውን እኛ ጋ የሚያደርስ ነው የጠፋው» ይላል ሌላው። ያኔ «እኛ» ሲሉ ሁለቱም ድሬን ማለታቸው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እትዬ እፀገነት ባረፈች በዓመቱ ነው። ነሐሴ ነበር። ሩሲያኖቹ ከስንት ዘመን በኋላ ወደ ጨረቃ መንኮራኩር ላኩ። አባቴ የልጅ ልጅ ሊወለድለት የተቃረበ ሰው መሰለ፤ ጠዋት ማታ ዜና ይከታተላል፣ «ደርሳለች፣ ማረፍ ብቻ ነው የቀራት» ይለኛል። እሑድ ዕለት ተከስክሳ መቅረቷ ተነገረ። ሬዲዮውን ዘጋና ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት ላይ የብረቷ በር ተከፈተችና ጋሽ ኃይለመለኮት ያንን ሰሃን ይዞ ብቅ አለ። ሰሃኑ ሙሉ ሙሸበክ ነው፣ ያ በረመዳን የምንበላው በስኳር የራሰ ጣፋጭ። እየሳቀ አባቴ ፊት አስቀመጠው።

«ለጨረቃ መንገደኞች» አለ። «ሄዳችሁ ለቀራችሁት። እንደ ውሻዋ።»

ድሮ ቢሆን አባቴ የሚመልሰው አያጣም ነበር። ያን ቀን ግን ተነሳ፣ ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ። ጋሽ ኃይለመለኮት ትንሽ ቆሞ ጠበቀና ተመለሰ። አባቴ ወዲያው ወጥቶ የብረቷን በር በእኛ በኩል ቀረቀራት። በነጋታው በዚያኛውም በኩል መቀርቀሪያ ሲገባ ሰማሁ። ሙሸበኩን እኔ በላሁት፤ እሱ ምን አጠፋ? ሰሃኑ ግን ቀረ።

ሦስት ዓመት። በዚህ መሃል ሕንዶቹ ጨረቃ ላይ አረፉ፣ ቻይናዎቹ ከጨረቃ አፈር ይዘው ተመለሱ። አባቴ ዜናውን ሰምቶ ወደ ግንቡ ዞር ይላል፣ የሚከራከረው ሲያጣ መልሶ ወደ ሬዲዮው ይዞራል። ወላሂ ያሳዝን ነበር።

ዘንድሮ አንድ ማክሰኞ ሱቄ ውስጥ ሪሞት ስሞክር ፍቅርአዲስ መጣች። የምትኖረው አዲስ አበባ ነው፣ መምጣቷንም አልሰማሁም። ተሳስመን ሳንጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አባባን ልወስደው ነው» አለችኝ። «ብቻውን ሆነ፣ ሸፊ። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ወድቆ እስኪነጋ መሬት ላይ አድሯል። ቤቱን አከራይቼዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በባቡር እንሄዳለን።»

ሪሞቱን አስቀመጥኩት። በአንድ ግንብ ተለያይተን፣ ሲያስል የምንሰማው ሰው፣ ወድቆ ሲያድር አልሰማንም።

«እንዲህ እንደተኮራረፉ ከተለያዩ በቃ ነው» አለች። «ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። እዚያ ሄዶ ቢሞት አባትሽ ራሱን ይቅር የሚል ይመስልሻል? የእኔም አባት እንደዚያው ነው። ትናንት ዕቃ ስናሸክፍ ግንቡን ነው የሚያየው።»

ያኔውኑ ተከፋፈልን። እሷ ወደ አባቴ፣ እኔ ወደ አባቷ። ድሬ ተወልጄ አንቱ ማለት ምላሴን ስለሚይዘኝ ጋሽ ኃይለመለኮትንም አንተ ነው የምለው፣ እሱም ሌላ አይጠብቅም።

«ጋሼ፣ ልትሄድ አይደል? አባን ሳትሰናበት ትሄዳለህ?» አልኩት።

«በር የዘጋብኝ እሱ ነው» አለ፣ መጻሕፍቱን በካርቶን እየከተተ። «ከፍቶ ይምጣ፣ ሰሃኔንም ያምጣ። የተዘጋብኝን በር እኔ ላንኳኳ?»

ፍቅርአዲስም ከአባቴ ያመጣችው ያንኑ ነው። «የሰደበኝ እሱ ነው። እሱ ይምጣ። ተሰድቤ ደግሞ በእግሬ ልሂድ?» አላት። ረቡዕ ሁለት ሽማግሌ ላክን፣ አንዱን ከመስጊድ፣ አንዱን ከቤተ ክርስቲያን። ሁለቱም ቤት በክብር ተስተናግደው፣ ኦቾሎኒ በልተው፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሐሙስ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ደግሞ ሥራ አበላሻለሁ፣ የታወቀ ነው። አባቴ ለከሰዓቱ የአሱር ሶላት ሲወጣ ጠብቄ ሰሃኑን ከፍሪጅ አወረድኩት። ሱቄ አጠገብ ያለችው ናስቲሆ ዓመቱን ሙሉ ሙሸበክ ትሠራለች፤ ከእሷ ገዝቼ ሞላሁትና በዋናው መንገድ ዞሬ ጋሽ ኃይለመለኮት ጋ ገባሁ።

«አባ ነው የላከልህ» አልኩት። ውሸት ነው። ለእርቅ ነው ብዬ ነው።

ሰሃኑን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። ከዚያ የተሸፈነበትን ጨርቅ ገለጥ አደረገው፣ ብርሃኑም እዚያው ጠፋ።

«ሙሸበክ» አለ ቀስ ብሎ። «የሰጠሁትን መለሰልኝ። ሦስት ዓመት አስቀምጦ፣ ልሄድ ስነሳ የገዛ ቀልዴን መለሰልኝ።»

ያኔ ነው የገባኝ። የተላከላችሁን ያንኑ መልሳችሁ ከላካችሁ አልቀበልህም ማለት ነው። ይሄንንም ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ እኔ ብቻ በጥድፊያዬ ረሳሁት። ላስረዳው አፌን ስከፍት ሰሃኑን እጄ ላይ መለሰልኝ። «ውሰጂለት። ደርሶኛል በይው» አለ።

ስመለስ አባቴ ዘይቱኑ ሥር ቆሟል። ሰሃኑን አየ፣ ሙሸበኩን አየ፣ እኔን አየ።

«ማን ላኪ አለሽ? በእኔ ስም ለመንሽው?»

«ለመንኩት፣ አዎ። አንተ አፍህ ተሸብቦ ሰውየው ሊሄድ ነው!» እኔም ጮህኩ። እሱም ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ተጯጯህን፣ እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም። «ቀልድ ነው እኮ አባ። ዕድሜህን ሙሉ ቀልዶብሃል፣ ዕድሜህን ሙሉ ቀልደህበታል። የዚህኛው ምን ለየው? ለሩሲያ ብለህ? ሩሲያ ማን እንደሆንክ ታውቃለች?»

አባቴ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«ለሩሲያ ብዬ አይደለም» አለ። «ኃይለመለኮት አንድ ጊዜ የነገረኝ ነገር አለ። ቃኘው እያለ፣ ሩሲያኖቹ ወደ ቬነስ የላኳት አንዷ መንኮራኩር መንገድ ላይ ድምፅዋ ጠፋ። እሱ መብራት ሊጠግን ክፍሉ ሲገባ፣ ሲያዳምጣት የነበረው አሜሪካዊ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጠላቶችህ አይደሉ እንዴ፣ ደስ አይልህም? አለው ኃይለመለኮት። ሰውየው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹እኔ እኮ በየቀኑ ሳዳምጣት ነበር› አለው።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ይሄን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። እንባ እየተናነቀው ነው የነገረኝ። ካርኮቭ ያስተማሩኝን ግማሹን ረስቻለሁ፣ ይሄን ግን አልረሳሁም። ሌላው ሁሉ ቢስቅ ግድ የለኝም። እሱ እንዴት ይስቃል?»

ሙሸበኩን ፍራሹ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። በሆዱ ይሄንን ይዞ ሦስት ዓመት ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ንዴቴ ወጣልኝ፣ ግን ነገሩ ያው ነው። ቅዳሜ ሰውየው ይሄዳል።

«እሺ፣» አልኩት፣ ተስፋ ቆርጬ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም፣ «እነዚያ የምትከራከሩላቸው ሰዎች ራሳቸው ታርቀው የለ? ሲታረቁ ማን ነው ወደ ማን የሄደው?»

አባቴ መምህር ሊሆን የሚገባው ሰው ነው። ጥያቄ ከሰማ ሐዘኑንም ይረሳል።

«እሱማ ነበር ችግሩ» አለ። «በስልሳ ሰባት ሐምሌ ላይ ሁለቱ መንኮራኩሮች ሰማይ ላይ ሊገናኙ ተስማሙ። ቦምብ ተደጋግነው በሚኖሩበት ዘመን ነው እንግዲህ። እስከዚያ ድረስ አንዱ መንኮራኩር ዘንግ አለው፣ ሌላው ቀዳዳ፤ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ያስገባል።»

«እንደ ገመድ ጫፍ» አልኩት። እኔ ሱቅ ገመድ ሁሉ ወንድና ሴት ጫፍ አለው፤ ወንዱ ሴቷ ውስጥ ካልገባ ምስል የለም።

«ልክ ነሽ። ታዲያ ማን ይግባ፣ ማን ያስገባ? ማንኛቸውም አስገቢ መሆን አልፈለጉም፤ ውርደት መሰላቸው። መሐንዲሶቹ ቁጭ ብለው አዲስ ነገር ሠሩ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቀለበት።» ሁለት እጁን አነሳ፣ ጣቶቹን ዘረጋ፣ የአንዱን እጅ ጣቶች በሌላው እጅ ጣቶች መሃል አሳለፈና ቆለፋቸው። «እንዲህ። የሚገባም የሚያስገባም የለም። ሁለቱም እኩል ይመጣሉ፣ ሁለቱም እኩል ይይዛሉ። በሩም በሁለቱም በኩል ነው የሚከፈተው። ሲከፈት ደግሞ አሜሪካዊው በሩሲያኛ፣ ሩሲያዊው በእንግሊዝኛ ሰላምታ…»

እዚያ ላይ ቆመ። እጆቹ እንደተቆለፉ አየር ላይ ቀሩ። ዓይኑ ግንቡ ላይ ነው፣ የብረቷ በር ላይ። እኔም አየኋት። በእኛም በኩል፣ በእነሱም በኩል መቀርቀሪያ ያላት በር።

እኔ፣ ዝም ማለት የማልችለው፣ ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

«መቀርቀሪያዋ ዝጋለች» አለ በመጨረሻ። «ዘይት ያስፈልጋታል።»

ወዲያው ጋሽ ኃይለመለኮት ጋ ተመልሼ ሄድኩ። መጀመሪያ የሙሸበኩን ነገር፣ ውሸቴንም ጨምሬ፣ እኔ ነኝ አልኩት። ከዚያ የቬነሷን ታሪክ ነገርኩት፣ አባቴ ለምን እንደተጎዳ። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ።

«እፀገነት ከሞተች በኋላ» አለ፣ «አባትሽ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ያልኩትን ሁሉ ‹ልክ ነህ፣ ልክ ነህ› ይላል። አሜሪካ ትበልጣለች ብለው ‹ልክ ነህ›። ዓመት ሙሉ አልተከራከረኝም፣ ሸፊቃ። አዘነልኝ። እኔ ደግሞ አብሬያት የተቀበርኩ መሰለኝ። ያን ቀን በሙሸበኩ እንዲቆጣ ነበር የፈለግኩት። ተነስቶ እንዲሰድበኝ፣ እንደ ድሮው።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ዝም ብሎ ይገባል ብዬ መቼ አሰብኩ።»

አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ፍቅርአዲስም በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ሁለት ሰው ተፈላልጎ እንዲህ ይጠፋፋል? ከዚያ የበሩን ነገር ነገርኩት። ለማስረዳት ጣቶቼን ስዘረጋ፣ «የስልሳ ሰባቱን ነው?» አለ ቶሎ። «ቀለበቱን አውቀዋለሁ። ዘይት አላችሁ?»

ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። አሥር ሰዓት ላይ እኔ በዚህ በኩል፣ ፍቅርአዲስ በዚያ በኩል ስልክ ጆሯችን ላይ ይዘን ቆምን። ማንም ቀድሞ እንዳይከፍት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተባባልን፤ አባቴ መቀርቀሪያውን ሳበ። የእኛ ወጣ። የእነሱ ግን እምቢ አለ። ከወዲያ ሲንቋቋ፣ ሲደበደብ ይሰማል። አባቴ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ መካኒክነቱ አሸነፈው።

«በሩ ተጭኖት ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ ለግንቡ። «ወደዚህ ልሳበው?»

ከወዲያ መደብደቡ ቆመ። ሦስት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች ናቸው።

«ሳብ» አለ የጋሽ ኃይለመለኮት ድምፅ። «ቆይ… አይደለም፣ ግፋ። ትንሽ ግፋ።»

አባቴ ትከሻውን አስደግፎ ገፋ። መቀርቀሪያው ቋ ብሎ ወጣ፣ በሩም ተከፈተ። ደፉ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ፣ አንዱም ወደ ሌላው ግቢ ሳይሻገር። ጋሽ ኃይለመለኮት ከስቷል፤ በቅርብ ሲታይ ያስታውቃል። አባቴም አየው።

ጋሽ ኃይለመለኮት ጉሮሮውን ጠረገ። ይሄ ሰው በሕይወቴ አንድ የሩሲያ ቃል ከአፌ አይወጣም ብሎ የማለ ሰው ነው። «ዝድራስትቩይቴ» አለ። ቀጥሎ የያዘውን ወረቀት ሰረቅ አድርጎ አየና፣ «ኦቸን… ኦቸን ራድ» አለ። ጤና ይስጥልኝ፣ ስላየሁህ በጣም ደስ ብሎኛል ማለት ነው አለኝ አባቴ ኋላ።

ከዚያ እንግሊዝኛ የካፒታሊስት ቋንቋ ነው ሲል የኖረው አባቴ፣ «ግላድ ቱ ሲ ዩ» አለው። «ቬሪ ግላድ።»

«አነጋገርህ ያስጠላል» አለ ጋሽ ኃይለመለኮት።

«የአንተ ይብሳል።»

ያን ጊዜ ጋሽ ኃይለመለኮት የአባቴን እጅ ያዘ። «ዒብራሂም» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ያቺን የጨረቃዋን። እኔም እኮ በየቀኑ ስከታተላት ነበር።»

አባቴ ትከሻውን ይዞ አቀፈው፣ እዚያው ደፉ ላይ። እኔና ፍቅርአዲስ ስልኩን ከጆሯችን ማውረድ ረስተን ነበር፤ እሷ ስትንሰቀሰቅ በቀኝ ጆሮዬ በስልክ፣ በግራ ጆሮዬ በበሩ ይሰማኛል።

የዚያን ቀን ዘይቱኑ ሥር ፍራሽ ተነጠፈ፣ የሦስት ዓመት ክርክር በአንድ ከሰዓት ወጣ። ሕንዶቹ፣ ቻይናዎቹ፣ አሜሪካኖቹ እንደገና ወደ ጨረቃ ሊሄዱ መነሳታቸው፣ የእኛም ሳተላይት በቻይና ሮኬት መውጣቷ፣ ሁሉም ተነሳ። «መሽቀዳደሙ ባይኖር ማንም አይሄድም ነበር» ይላል ጋሽ ኃይለመለኮት። «መሽቀዳደሙ አወጣቸው፣ እሺ፣» ይላል አባቴ፣ «ላይ የሚያኖራቸው ግን መተጋገዙ ነው።» አንድም ጊዜ «ልክ ነህ» አላለውም። ጋሽ ኃይለመለኮት ኦቾሎኒውን እየፈለፈለ እንደዚያ ሲስቅ እትዬ እፀገነት ከሞተች ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጆቹ በር ላይ ቆሙ፣ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ በጊዜ መነሳት ነበረባቸው። ሻንጣ ተጭኖ ሲያልቅ አባቴ በብረቷ በር በኩል መጣ። ሰሃን ይዟል፣ ሙሉ ዘይቱን፣ ጠዋት በራሱ እጅ የለቀመውን። ጋሽ ኃይለመለኮት ተቀበለና ሰሃኑን አየው። አረንጓዴ አበባ ያለበት ነው።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለ።

«የእኔ ነው» አለ አባቴ። «የአንተ ፍሪጄ ላይ አለ፣ እዚያው ይቆያል። አንተ የእኔን ባዶውን አትመልስም። እኔም የአንተን ባዶውን አልመልስም።»

ጋሽ ኃይለመለኮት ሰሃኑን ይዞ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ አፉ ይስቃል። «ሁለቱንም በኩል አንድ ዓይነት አደረግከው» አለ።

ባጃጁ ሲንቀሳቀስ ሰሃኑን ጭኑ ላይ በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር።

አሁን በዚያ ቤት ተከራዮች ገብተዋል፣ ሲሃም የምትባል ነርስና ልጆቿ። የብረቷን በር እንዳትቀረቅሪ ብያት ነገሩን ስነግራት ሳቀች። ጋሽ ኃይለመለኮት በየማታው ይደውላል። አባቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ዘይቱኑ ሥር ይቀመጣል፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨረቃ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚመለስ ሲከራከሩ ይሰማል።

ትናንት አባቴ የአዲስ አበባ ባቡር ትኬት ቆርጦ መጣ። ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። «ሰሃኑ ላይ ምን ላድርግበት?» ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ፣ «ሙሸበክ እንዳትይኝ ብቻ» አለ።

ዛሬ ጠዋት ሰሃኑን ከፍሪጅ አውርጄ አጠብኩት፣ ወልውዬም አስቀመጥኩት። ሳልሰድበው።